ከዲክሲስ በታች

ከአዳማ ወደ አርሲ የሚወጣ ሰው በየከተማው ልብስ ይደርባል። አዋሽ መልካሳ ላይ ወንዙን በሸሚዝ የተሻገረው፣ ዴራን አልፎ ግራሩ ሲሳሳ ሹራብ ያምረዋል፤ ኢተያ ሲደርስ ደግሞ አጠገቡ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው «መስኮቱን ዝጋው እንጂ ልጄ» ይሉታል። ቆላው ወደ ኋላ እየቀረ ስንዴው ይመጣል። አጨዳ ስለነበር መንገዱን የያዙት ኮምባይነሮች ናቸው፤ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲሻገሩ መንገዱን ሞልተው ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው አይሱዙው፣ ሚኒባሱና ጋሪው ተሰልፎ ይከተላል። ለጎጃም ልጅ ይህ እንግዳ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ማሳ ማለት ድንበር ነው፤ በድንጋይ፣ በቁልቋልና በክርክር የታጠረ። እዚህ ዓይን የሚያርፍበት ድንበር ሳያገኝ እስከ ተራራው ግርጌ ይሄዳል።

ኢተያ ላይ አብዛኛው መኪና ጭላሎን ወደ ፊት አድርጎ ወደ አሰላ ይቀጥላል። የእኛ ሚኒባስ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የሁሩታን መንገድ ያዘ። የምሄደው ወደ ዲክሲስ ነው፤ ዲክሲስ ወርቅ የለም፤ በሐሳቤ ይዤው የወጣሁት ግን ወርቅ ነበር።

ቀደም ብዬ ጉጂ ውስጥ፣ በአዶላና በሻኪሶ በኩል፣ ወርቅ የሚታጠብባቸውን ጅረቶች አይቻለሁ። ከዚያ ጉዞ አንድ ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ፦ አፈር ያጠበበትን ውሃ ወደ ወንዝ የሚመልስ ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው ከማን ነው? መልሱን ፍለጋ ነጋሪት ጋዜጣ ሳገላብጥ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 197/1992፣ ላይ ደረስኩ። አንቀጽ 11 ጥብቅ ነው። የውሃ ግንባታ ለመሥራት፣ ውሃ ለራስም ሆነ ለሌላ ለማቅረብ፣ ፍሳሽ ወደ ውሃ አካል ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ 12 ግን ይለሰልስና ያለ ፈቃድ በውሃ መጠቀም የሚችሉትን ይቆጥራል። በእጁ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው አለ። ከእሱ ቀጥሎ በአንድ መስመር ላይ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ ማዕድን ማውጣት፣ ባህላዊ ከብት እርባታና የውሃ ወፍጮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሕግ አውጪው ምን እንዳሰበ መገመት አይከብድም። ድሃውን ለአንድ ገበቴ ውሃ ቢሮ ለቢሮ አታመላልሱት ነው ነገሩ። ይህን የመሰለ ርኅራኄ በአዋጆቻችን ውስጥ ብዙ ስለማይገኝ ወደድኩት። ሆኖም ባለወፍጮውና ባለወርቁ አንድ መስመር ላይ መቀመጣቸው ከነከነኝ። መስኖው፣ ከብቱና ወፍጮው አብረው የኖሩበትን፣ ወርቁ ያልደረሰበትን አገር ማየት አማረኝ። አርሲ ደጋው ለዚህ የሚመች መሰለኝ።

ሁሩታ ላይ ቁርስ በላን። ጨጨብሳው በቅቤ ርሶ፣ እርጎው በትልቅ ብርጭቆ መጣ። የቤቱ እመቤት እንግዳነቴን አይታ «ይሄንንስ ቀምሰውት ያውቃሉ?» ብላ ጩኮ በትንሽ ሳህን አቀረበችልኝ። ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ የታሸ ነው። የመንገድ ስንቅ ነው፤ ሳይበላሽ ብዙ ይቆያል አለችኝ። ወዲያው ከእኛ በሶ ጋር አስተያየሁት። በሶም ያው የተቆላ ገብስ ነው፤ ግን መንገደኛው ወንዝ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ቅል ውስጥ ውሃ ጨምሮ ይበጠብጠዋል። ጩኮ ወንዝ አይጠብቅም። ከብት የሞላው አገር ስንቁን በቅቤ ያሻል፤ እኛ ዘንድ ግን ሰው ወንዙን አስልቶ ይጓዛል። (ቅቤው ግን በሶ በለመደ ሆድ ላይ ቀልድ አይደለም። እስከ ዲክሲስ ድረስ ተሰማኝ።)

ከሁሩታ በኋላ መንገዱ እንደገና ይወጣል። ይህ ደጋ ውሃ ወደ ተለያየ አገር የሚላክበት ጀርባ ነው። ወደ ሰሜን የሚወርደው ቀለጣ አዋሽ ውስጥ ይገባል፤ አዋሽም ሸንኮራውንና ጥጡን አጠጥቶ፣ ባሕር ሳያይ፣ በአፋር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው ከዋቤ ሸበሌ ጋር ተቀላቅሎ የሶማሌ ክልልን አቋርጦ ሶማሊያ ይደርሳል። ከጭላሎና ከጋላማ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ካታር ደግሞ ዝዋይን ይሞላል። እዚህ ሜዳ ላይ የዘነበ ዝናብ በየትኛው ጎን እንደወረደ የሚወስነው አንድ ጉብታ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ጠብታ የጎዴን ግመል፣ ሌላው የአሳይታን ፍየል ያጠጣል። ባለሙያዎች «የላይኛው ተፋሰስ» ይሉታል። የሚኖርበት ሰው የላይኛው መሆኑን የሚያውቅበት ምክንያት ግን የለውም። ከበላዩ ማንም ስለሌለ ውሃው ደፍርሶ የመጣበት ቀን የለም።

ዲክሲስ የፈረስ ከተማ ናት። በገበያዋ ቀን ፈረሶቹ በቀይና በቢጫ ክር ባጌጠ ኮርቻ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ባለቤቶቻቸው ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ስለ ስንዴ ዋጋ ይከራከራሉ። ገብሱ፣ ባቄላው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በቅል የተቀመጠው ቅቤ፤ የዚያ ሁሉ ሽታ ከኩበት ጭስ ጋር ተደባልቆ ከተማዋን ይሞላታል። ኦሮምኛው ይበዛል፤ አማርኛው አልፎ አልፎ ይገባበታል፤ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም ሲጠቀም ግር የሚለው እንግዳው ብቻ ነው።

የውሃ ወፍጮ እንደምፈልግ ስናገር ሳቁብኝ። ኤሌክትሪክ ያለበት ከተማ መጥቼ፣ ሦስት ወፍጮ ቤት እያንጓጓ፣ የውሃ ወፍጮ! በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «የአባቴን አሳይሃለሁ» ብለው ከከተማዋ ወጣ ወዳለ ጅረት ይዘውኝ ወረዱ። ወፍጮው ቆሟል። የቀረው መጅና የታችኛው ድንጋይ፣ ውሃው ይመጣበት የነበረው ቦይና የፈራረሰ ግድግዳ ነው። ቦዩ ግን እስካሁን ውሃ አለው፤ አሁን የሚያጠጣው ድንችና ሽንኩርት ነው።

«ኦቦ፣ ወፍጮው ውሃውን ምን ያደርገው ነበር?» አልኳቸው።

ጥያቄው እንደ ሞኝ ጥያቄ ተሰማቸው። «ምን ያደርገዋል ልጄ? ውሃው ድንጋዩን ያዞራል፣ ይሄዳል። እንደገባ ይወጣል። ከታች ያለው ሰው ወፍጮ መኖሩንም አያውቅ።»

«መስኖውስ?»

«መስኖማ ይጠጣል። ስለዚህ ተራ አለው። ሌሊትም ቢሆን ተራህ ከሆነ ትነሣለህ። ተራ የሰረቀ በሽማግሌ ፊት ይቆማል።» ቀጥለው አንድ ጊዜ በቦይ ምክንያት ሁለት ወንድማማቾች ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ አንዲት እናት ሲንቄዋን ይዛ መሐላቸው እንደቆመች ነገሩኝ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያገባች ሴት ያን ቀጭን በትር ይዛ በጠበኞች መሐል ከቆመች ጠቡ እዚያው ያበቃል፤ እሷን ገፍቶ ማለፍ ታላቅ ነውር ነው። በወረቀት የተጻፈ ስንት የእግድ ትእዛዝ ይህን ያህል ይፈጥናል?

እኛ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው የውሃ አባት ነው። ባለመስኖዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል፤ ቦይ ያስጠርጋል፣ ተራ ያካፍላል፣ ያጠፋውን ይቀጣል። ልጅ ሆኜ የውሃ አባት ከቀበሌ ሊቀ መንበር ይበልጥ ይፈራ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ቢቆጣ ስብሰባ ይጠራል፣ የውሃ አባት ቢቆጣ ሽንኩርት ይደርቃል። የእኛ የውሃ አባትም ሆነ የዲክሲሱ ሽማግሌ የሚዳኙት ግን ስለ ብዛት ነው፤ ማን ስንት ወሰደ፣ ማን ተራ ዘለለ። የተመለሰው ውሃ ምን መሰለ ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። መጠየቅ አላስፈለገምና። ከብቱ ቢያደፈርሰው እስከ ማታ ይጠራል፤ መስኖውም የሚበላው መጠኑን ነው። የአዋጁ አንቀጽ 12 የተቀዳው ከዚህ ዓለም ነው። ወንዙን የሚያስፈራው የሚወስድበት ሰው ብቻ በሆነበት አገር የተጻፈ ይመስላል።

ወደ ከተማ የመለሰኝ ጋሪ ነጂ ወጣት ነው። ስለ ወርቅ የማወራው ከየት አምጥቼ እንደሆነ ጠየቀኝና ሻኪሶ ስል ፈረሱን ገታው። «እኔ እኮ ሻኪሶ ነበርኩ ጋሼ!» አርሲ ላይ መሬት ጠቧል፤ የአባት ማሳ ለአምስት ወንድም ሲከፈል ለአንዱ የሚደርሰው ለበሬ መዞሪያም አይበቃ። ስለዚህ ብዙ ጓደኞቹ ወርቅ ወዳለበት ወርደዋል። እሱም ወርዶ፣ ጥቂት ዓመት ቆፍሮ፣ ፈረስና ጋሪ የሚገዛ ብር ይዞ ተመለሰ። «ከሁላችንም ዕድለኛው እኔ ነኝ» ሲል ኩራትም ሐዘንም ነበረው።

ሥራውን እንዲህ አስረዳኝ። ከላይ ያለው አፈር ሥራ የለውም፤ ወርቁ ከታች ጠጠሩ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ጠጠሩ እስኪገኝ ድረስ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ከሰው ቁመት እጥፍ ይበልጣል፤ ሲናድ ሰው ይበላል። ጠጠሩ በጆንያ ወጥቶ ወደ ውሃ ይሄዳል። ድሮ የነበረው ገበቴ ነው፦ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ማወዛወዝ፣ ቀላሉን አፈር ማስኬድ፣ ከታች የሚቀረውን ጥቁር አሸዋ ማየት። ከዚያ በጥንቃቄ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ እፍ ማለት። ኋላ ግን የውሃ ሞተር መጣ፤ ውሃው ተስቦ፣ በተዳፋት የእንጨት ገንዳ ላይ ወርዶ፣ በሰዓታት ውስጥ የሳምንቱን አፈር ያጥባል። ቀጥሎ ኤክስካቫተር መጣ።

«ኤክስካቫተሩ የማን ነው?»

«የባለሀብት ነዋ። እኛ የማኅበሩ አባል ነን፣ ማሽኑ የእሱ ነው፣ የሚገኘውን እንካፈላለን።»

«ፈቃዱስ?»

«አለን! የማኅበር ፈቃድ። ከማዕድን።»

«የውሃውስ?»

ዞር ብሎ አየኝ። «የውሃ ፈቃድ የሚባል አለ እንዴ?»

የለም ብል ልክ ነበርኩ፤ አለ ብልም ልክ ነበርኩ። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልል ነው፤ ሌሎች ማዕድን አውጪዎች የሚጠየቁት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከባህላዊው አይጠየቅም። የውሃ አዋጁም ነጻ አውጥቶታል። ስለዚህ ይህ ልጅ ሁለት አዋጆች አቅፈውት፣ አንድም ቢሮ ስለ ውሃው ሳይጠይቀው ሠርቷል። ነገር ግን አንቀጽ 12ን ደግሞ ሳነበው ነጻ የሚያወጣው በውሃ «መጠቀምን» ነው። ውሃው ሲገባ በሩ ተከፍቷል፤ ሲወጣ ግን ዝም ይላል። ከላይ ያለው አንቀጽ 11 ፍሳሽ መልቀቅ ፈቃድ ይጠይቃል እንዳለ ነው፤ የ1997ቱ ደንብ ቁጥር 115ም የፍሳሽ ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ ይዘረዝራል፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ባህላዊ ነው ዘመናዊ ነው ሳይል ማንም እንዳይበክል ይከለክላል። የወፍጮ ውሃ «እንደገባ ስለሚወጣ» መግቢያውን ነጻ ማውጣት መውጫውንም ነጻ ማውጣት ነው። ወርቅ አጣቢው ጋ መግቢያና መውጫው የተለያየ ውሃ ነው። አንቀጹ ላይ ያሉት ሰዎች ጎረቤት አለመሆናቸው የታየኝ እዚህ ላይ ነው።

በጉጂ ያየሁት ውሃ ቀይ ነበር። መርዝ የለበትም ብዬ ልጀምር፤ ብዙው ባህላዊ አጣቢ ኬሚካል አይነካም፣ የሚሠራው በውሃና በክንዱ ነው። ግን ጭቃ ብቻውን በቂ ነው። ጉድጓዱ ሁሉ አፈሩን ወደ ጅረቱ ይልካል፤ ጅረቱ አልጋውን ይሞላል፣ ጥልቁ ይጎድላል፣ ዓሣው የሚፈለፈልበት ጠጠር ይታፈናል፣ ከታች ያለችው ሴት እንስራዋን አስቀምጣ እስኪጠል ትጠብቃለች። የተተዉት ጉድጓዶች ውሃ አቁረው የወባ ትንኝ ያረባሉ፤ ጥጃና ሕፃን የገባባቸውም አሉ። ሜርኩሪና ሲያናይድ የገባባቸው ሥፍራዎች ደግሞ ሌላ ታሪክ ናቸው። በዓለም ላይ በሰው ሥራ ወደ አየር ከሚለቀቀው ሜርኩሪ ከሦስት እጅ አንዱን የሚያህለው ከእንዲህ ያለው አነስተኛ የወርቅ ሥራ ነው የሚወጣው።

ጥፋቱን ግን በትንሹ ላይ ብቻ መጣል ቀልድ ነው። እዚያው ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደንቢ ማዕድን ትልቅና ዘመናዊ ነው፤ በ1990 እ.ኤ.አ. መንግሥት ጀምሮት፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ወደ ሚድሮክ ተላለፈ። የአካባቢው ሰዎች በማዕድኑ ፍሳሽ ምክንያት ልጆቻችን ጉዳት ይዘው እየተወለዱ፣ ከብቶቻችንም እየሞቱ ነው ብለው አደባባይ ከወጡ በኋላ በግንቦት 2010 ሥራው ታገደ፤ ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ተከፈተ። ፈቃድ፣ መሐንዲስ፣ የታጠረ የፍሳሽ ግድብ፣ ሁሉም ነበረው። የታችኞቹ ሰዎች ድምፅ የተሰማው ግን መንገድ ሲዘጉ ነው። ስለዚህ «ፈቃድ ይኑር» ሲባል ወረቀቱን ብቻ ከሚያስብ ሰው ጋር አልስማማም።

አያ ጅቦና አህያን ማን የማያውቅ አለ? ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ውሃ ሲጠጡ «ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» አላት፤ እሷም «ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ተረቱን ስለ ግፈኛ ምክንያት ነው የምንነግረው። ከዲክሲስ ጋሪ ላይ ሆኜ ሳስበው ሌላው ነገሩ ታየኝ፦ በወንዝ ዳር መናገር የለመደው ሁልጊዜ የላይኛው ነው።

የታችኛው ሲናገር ምን እንደሚሆን በካሊፎርኒያ ታይቷል። ወርቅ ፈላጊዎች ኮረብታውን በኃይለኛ የውሃ ግፊት እየመቱ ይንዱት ነበር። ደለሉ ወርዶ የዩባን ወንዝ አልጋ ከፍ አደረገው፤ ማሪስቪል የምትባለው ከተማ በ1875 እ.ኤ.አ. በጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ የእርሻው መሬት በአሸዋ ተቀበረ። ከሳሾቹ የታች ሰዎች ናቸው። በጥር 1884 እ.ኤ.አ. ዳኛ ሎሬንዞ ሳውየር ደለሉን ወደ ወንዝ መልቀቅ ከለከለ፤ ወርቅ መቆፈርን አልከለከለም። በ1893 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ ደለሉን አስቀድሞ በግድብ ለሚያቁር ብቻ ፈቃድ ይሰጥ ጀመር። እኛ የፍሳሽ ፈቃድ የምንለው ማለት ነው። ያን ያመጣው የቢሮ ባለሙያ ሳይሆን ማሳው በአሸዋ የተሸፈነበት ባለእርሻ ነው። የአርሲ ባለስንዴ ቢሰማው የሚገባው ይመስለኛል።

ለእያንዳንዱ ባለገበቴ የፍሳሽ ፈቃድ አውጣ ማለት ከንቱ ነው። ማን ይለካዋል? ነገ ወደ ሌላ ጅረት ለሚሄድ ሰው የዛሬው ወረቀት ምን ይሠራል? ቢሮው ከተማ ነው፣ ጅረቱ ጫካ ነው፤ በመሐል የሚገባው ጉቦ ብቻ ይሆናል። ነጻ ያወጣውን ርኅራኄ ልሰርዝ አልልም። ግን መቶ ባለገበቴና አንድ ኤክስካቫተር አንድ ጅረት ላይ ሲሰፍሩ ያ ባህላዊ አይደለም። ፈቃዱ መሰጠት ያለበት ለሰውዬው ሳይሆን ለጅረቱ ነው፦ ይህ ጅረት ስንት ማጠቢያ ይችላል፣ ማጠቢያውስ ከወንዙ ምን ያህል ይርቃል፣ ውሃው ወደ ወንዝ ሳይመለስ የሚጠራበት ኩሬ ማን ይቆፍራል፣ ጉድጓዱን ማን ይደፍናል። ይህን የሚያስጠብቅ የውሃ አባት ያስፈልጋል፤ የሚመርጡትም አጣቢዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ከታች የሚጠጡትም ናቸው። ከጉጂ ቀጥሎ ያለው ቦረና ኤላ የሚባሉትን ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶቹን የሚያስተዳድረው በአባ ሄሬጋ ነው፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ እሱ ያስጠብቃል፤ ከባድ ድርቅ ሲመጣም ሥርዓቱ አይፈርስም። አንቀጽ 12 ራሱ ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ አለው፤ ያለ ፈቃድ ለሚሆኑት አጠቃቀሞች ተቆጣጣሪው አካል መመሪያ ያወጣል ይላል። በሩ እዚያው አዋጁ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስቸኩለው ወርቁ ትንሽ ነገር ሆኖ ስላልቀረ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ከቡና በልጦ ዋናው የወጪ ንግድ ምርት ሆነ፤ የአብዛኛው ምንጭ ባለገበቴውና ባለማኅበሩ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ሰዎች ሳሱ ወደሚባል አገር ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው እንዴት ወርቅ እንደሚገዙ ጽፏል፦ ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾህ አጥር ላይ ያስቀምጣሉ፣ ባለወርቁ መጥቶ ወርቁን ከወደደው ዕቃ ላይ አድርጎ ይርቃል፤ ቃል ሳይለዋወጡ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። ወርቁን የሚገዛው ብሔራዊ ባንክና ጋሪ ነጂዬም እስካሁን አልተነጋገሩም።

ከዲክሲስ በሁሩታ ተመልሼ አሰላ አደርኩ። አሰላን ያወቅኩት ከሯጮቿና ከብቅል ፋብሪካዋ በፊት በስንዴ ታሪኳ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ስዊድኖች የረዱት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ እዚህ ተመሠረተ። የተሻለ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ወደ ትንሹ ገበሬ አመጣ፤ ትርፉን ያየው ባለመሬት ግን ትራክተር እየገዛ ጢሰኛውን ከመሬቱ አፈናቀለ። የስንዴው ባሕር የተወለደው ከዚህ ታሪክ ነው፤ ማዳበሪያውም አልቀረም። አርሲ ላይ ዛሬ ያለ ማዳበሪያ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ማታ ላይ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ገባሁ። ዓሣው ከዝዋይ፣ ከባቱ፣ ነው፤ ቆሮሶ፣ በደንብ ተጠብሶ፣ በሚጥሚጣና በዳታ የሚቀርብ። ካታር ወደዚያ ወርዶ የሞላው ሐይቅ ዓሣውን በመኪና ወደ ላይ ይልካል። አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ጎልማሶች የሥጋ ጥብስ አዘዙ። አንደኛው ለባለቤቲቱ ሰበብ መስጠት ፈለገ መሰል፦

«እኔ የባቱን ዓሣ ትቻለሁ። ያ ሁሉ አበባ እርሻ፣ ያ ሁሉ ኬሚካል እዚያ ሐይቅ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ሴትዮዋ ዓሣውን እያገላበጠች ቀና አለች። «ወንድሜ፣ አንተ ስንዴ ዘርተሃል?»

«አዎ፣ በካታር በኩል፣ ሳጉሬ ላይ።»

«ማዳበሪያ ጨምረሃል? የአረም መድኃኒትስ ረጭተሃል?»

«እንዴታ።»

«ክረምት ዝናቡ ሲያጥበው ወዴት የሚሄድ መሰለህ?» አለችና ለእኔ ሳህን አቀረበች፤ ለእነሱ ደግሞ ጥብሱ ትንሽ እንደሚቆይ ነገረቻቸው።